«ቴስታታው ተቃጥሏል» ተብዬ 34,000 ብር ከፈልሁ፤ መኪናዬ ግን አሁንም ሐረጎ ላይ ትፈላለች

ሐረጎ ተመላላሽ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ2002 የተሠራችውን ባለ 1.3 ቪትዜን ይዤ በሳምንት ስድስት ቀን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ከሁለት ወር በፊት አንድ ቀን ማታ ስመለስ ከዳገቱ አጋማሽ በላይ የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ወጣ፤ ጥግ ይዤ ስቆም ከራዲያተሩ አጠገብ ያለው ትርፍ ውሃ የሚጠራቀምበት ፕላስቲክ እየፈላ ውሃ ይተፋ ነበር። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ፣ ውሃ ጨምሬ፣ ቀስ ብዬ ቤቴ ገባሁና በማግሥቱ ደሴ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኋት።

መካኒኩ መኪናዋን አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይመረምር የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተና ከውስጡ የተለጠፈውን ቡና በወተት የመሰለ አረፋ አሳየኝ። «ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ካልሄደ ሞተሩ ይሞትብሃል» አለኝ። (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ራስ ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእርሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ።) አረፋውን በዓይኔ ስላየሁት የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም። በአራተኛው ቀን ለጓርኒሲዮን፣ ለቶርኖ፣ ለዘይትና ለእጅ ዋጋ ተብሎ 34,000 ብር ከፈልሁ። የወጣውን አሮጌ ጓርኒሲዮን እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ «ረዳቱ ጥሎታል» ተባልሁ፤ ደረሰኝ ስጠይቅም ድምሩ ብቻ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ።

ከ19 ቀን በኋላ መኪናዬ እዚያው ዳገት ላይ እንደገና ፈላች። ገንዘቡ ለልጆቼ ትምህርት ቤት ያስቀመጥሁት ስለነበር ነገሩ እጅግ አሳዝኖኛል፤ ከሁሉ በላይ ግን ያስጨነቀኝ ቴስታታው በእርግጥ ተከፍቶ እንደነበረ የማውቅበት መንገድ ማጣቴ ነው። የምታውቁ ሰዎች ይህን እንዴት ማረጋገጥ እንደምችል፣ ወደፊትስ የትኛውን ሥራ በራሴ እጅ ብሠራ እንደሚሻል ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የድሮ ጋራዥ ሰው

ወንድሜ፣ አይዞህ። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ያህል አሳልፌያለሁና ቢረዝምም ታግሠህ አንብበው።

በመጀመሪያ፣ ያሳዩህ አረፋ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሞተር በሠራ ቁጥር እርጥበት ወደ ካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ዘይት ወደሚጠራቀምበት ገንዳ) ይገባል፤ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ይህ እርጥበት ተንኖ ይወጣል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ከዋለ ግን የዘይት መሙያው ክዳን ቀዝቃዛ ስለሆነ እንፋሎቱ እዚያ ላይ ውሃ ሆኖ ከዘይቱ ጋር ይመታና አረፋ ይሠራል። በደሴ ብርድ ይህን በጤነኛ መኪና ላይ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ማየት የነበረብህ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ሆኖ ክዳኑ ላይ ብቻ አረፋ ካለ ውሃው ከራዲያተር የመጣ ሳይሆን ያው እርጥበት ነው።

አንተ ግን በየቀኑ ረጅም መንገድ እየሄድህ ሞተርህ የማይሞቀው ለምንድን ነው? ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ሞተሩ ሥራ የለውም፤ በዚያ ላይ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ዕቃ) ወጥቶ ከሆነ ውሃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተሩ እየዞረ ሞተሩን ያቀዘቅዘዋል። በአገራችን መኪና በፈላ ቁጥር ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። እኔም በወጣትነቴ ለብዙ ሰው አድርጌዋለሁ፤ ስሕተት ነበር። ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ቤንዚን ያበዛል፣ ዘይቱ ይበላሻል፣ ቶሎም ያረጃል። ይባስ ብሎ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል፤ ቴርሞስታቱ ከሌለ ያ አቋራጭ ሁልጊዜ ክፍት ስለሚሆን ዳገት ላይ ትኩሱ ውሃ ሳይበርድ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ስለዚህ ሜዳ ላይ የሚበርድ፣ ሐረጎ ላይ ግን የሚፈላ መኪና ይፈጠራል።

ሁለተኛው ነገር የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ ደሴ ላይ ለመብሰል ከኮምቦልቻ የበለጠ ጊዜ የሚወስደውም በዚሁ ምክንያት ነው። የቪትዝህ ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንግዲህ ከዚያ እስከ መፍላት ያለው ልዩነት አሥር ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን የሚያድነው ክዳኑ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛለህ፤ ውስጥ ያለውን ግፊት እስከዚያ ድረስ አፍኖ ስለሚይዝ ደሴ ላይ እንኳ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ምንም ሳይጎዳ በ92 ዲግሪ መፍላት ይጀምራል። ትርፍ ውሃ መያዣው ውስጥ ፈላ ያልኸው ይህን ይመስለኛል።

ጓርኒሲዮን በእርግጥ ሲቃጠል ምልክቱ ሌላ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ ስታስነሣው ሳያቋርጥ አረፋ ይወጣል፤ የላይኛው ቱቦ ውሃው ገና ሳይሞቅ ይጠነክራል፤ ከማርሚታው የማያቆም ነጭ ጭስ ይወጣል። ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ ሰማያዊ ፈሳሽም አለ፤ የተቃጠለ ጋዝ ከነካው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ከእነዚህ አንዱንም ሳያሳይህ ቴስታታ ላውርድ የሚልህን ሰው አትመን።

ተከፍቶ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ እንዲህ አድርግ። የመኪናህ ሞተር ኤንዜድ ከሚባለው ቤተሰብ ከሆነ ካቴናውን (የሞተሩን ሰንሰለት) የሚሸፍነውን የፊት ሽፋን ሳያወልቁ ቴስታታውን ማውረድ አይቻልም። ይህ ሽፋን ሲገጠም በሲሊኮን ይታሸጋል። በቅርቡ ከተከፈተ አዲስ ሲሊኮን ጠርዙ ላይ ወጥቶ ታያለህ፤ የቡሎኖቹ ራስም መፍቻ የነካው መሆኑ ይታወቃል። ዙሪያው የዓመታት ዘይትና አቧራ የጋገረበት ከሆነ ግን ማንም አልነካውም።

የቧንቧ ውሃ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የባቄላው ምሳሌ ለእኔ ሁሉን ነገር ግልጽ አደረገልኝ።

ለሴት ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ባለፈው ዓመት መኪናዬ ጠዋት ጠዋት አልነሣ ስትለኝ የወሰድሁበት ጋራዥ «ዲናሞው ሞቷል፤ ለማንኛውም ወንድ ይዘሽ ነይና እንነጋገር» አሉኝ። እነርሱ ገንዘቡን የሚቀበሉት ከእኔ ነው፤ ምክንያቱን ለመንገር ግን ወንድ ፈለጉ። ተናድጄ ወጣሁና አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ ገዛሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ባደረ ጊዜ ባትሪው 12.6 ቮልት አሳየ፤ ሞተሩ ተነሥቶ 14.1 ሆነ። ዲናሞ ቢሞት ኖሮ ይህ ቁጥር ሊወጣ አይችልም፤ ጤነኛ ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ነው የሚሰጠው። ጥፋቱ የተገኘው የባትሪው ጫፎች ላይ ነው፤ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ለብሰው ነበር። አሉታዊውን ገመድ አስቀድሜ ፈታሁ፣ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጠብሁ፣ አደረቅሁ፣ መልሼ አሰርሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጠዋት አላስቸገረችኝም። ለዚህ ሥራ ከመለኪያው ዋጋ ሌላ ምንም አላወጣሁም።

ዶልፊን ነጂ

አሰላሙ አለይኩም። ወንድሜ፣ አብሽር፤ ያንተ ታሪክ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። እኔ ኮምቦልቻና ደሴ መካከል ሰው የማመላልስ ስለሆንሁ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈራኝን ልናገር፤ እርሱም ፍሬን ነው።

አንድ ጋራዥ የፍሬን ዘይት ሙሉ በሙሉ ቀይረናል ብሎ አስከፈለኝ። በኋላ ስናጣራ ከላይ ብቻ ጨምረውበት ኖሯል፤ የውስጡ ዘይት እንደ ሻይ ጠቁሯል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ውሃ ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የሚፈላው በ205 ዲግሪ ሲሆን ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል፤ ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ሰው ጭነህ ሐረጎን ፍሬን እየረገጥህ ስትወርድ የፍሬኑ ሙቀት እዚህ ድረስ ሊወጣ ይችላል፤ ዘይቱ ሲፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ባዶ ሆኖ ወደ ታች ይገባል። ይህ ደርሶብኛል። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ቀስ በቀስ እየሳብሁ ጥግ ላይ አቆምኋት፤ ከኋላዬ የነበሩትን አሥራ ሁለት ሰዎች እስካሁን አስባቸዋለሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ሲቀየርም አጠገቡ ቆማችሁ አሮጌው በአራቱም ጎማ በኩል ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ተመልከቱ። ራሴ ልሥራ ለሚል ሰው ደግሞ ፍሬን የመጀመሪያ መለማመጃ አይሁን፤ የማሽን ዘይት የተሳሳተ እንደሆነ ሞተር ይበላሻል፣ የፍሬን ስሕተት ግን ሰው ይገድላል።

መፍቻ አሥር

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የምሠራ መካኒክ ነኝ። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች በመካከላችን አሉ፤ አፍርባቸዋለሁ። ሆኖም ከእኛ በኩል ያለውንም እንድታዩልኝ እለምናለሁ።

አንድ ደንበኛ የምትፈላ መኪና ይዞ ይመጣል። አንድ ሰዓት ሙሉ መርምሬ «ክዳን ብቻ ቀይር» ብለው ክዳኑን ከመለዋወጫ መደብር ገዝቶ ራሱ ይገጥማል፤ ለእኔ «ምን ሠራህ?» ብሎ ይሄዳል። ቴስታታ ባወርድ ግን የእጅ ዋጋ ሳይከራከር ይከፍለኛል። ዕውቀት የማይከፈልበት፣ ላብ ብቻ የሚከፈልበት ሥራ ሲሆን ደካማ ሰው ያልተበላሸውን ይፈታል። እኔ ላለፉት ዓመታት የምርመራ ዋጋ ለብቻው ማስከፈል ጀምሬአለሁ፤ ግማሹ ደንበኛ ተቆጥቶ ሄዷል፤ የቀረው ግን እስካሁን አብሮኝ ነው።

የመለዋወጫውም ነገር አለ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዕቃ ዋጋ ከአቅም በላይ ሆነ፤ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ብዙ ጋራዦች መሣሪያቸው ተዘርፎ ከባዶ ነው የጀመሩት። ይህ ለሌብነት ምክንያት አይሆንም። ነገር ግን ደንበኛው «ርካሹን አድርግልኝ» ሲል የሚገጠምለት ኦሪጅናል ተብሎ የታሸገ ፎርጅድ ነው፤ አንዳንድ መደብርም ለመካኒኩ ኮሚሽን ስለሚሰጥ መካኒኩ ያለ ጥፋቷ የምትቀየር ዕቃ ይጽፋል። ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፤ መካኒኩን የምትፈልጉት ለእጁና ለዕውቀቱ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ለዕውቀቱም ክፈሉት።

ሐረጎ ተመላላሽ

ወንድሜ መፍቻ አሥር፣ ስለ ምርመራ ክፍያ የጻፍኸው ልክ ነው፤ እኔም እስካሁን ለምርመራ ከፍዬ አላውቅም ነበር። ይሁን እንጂ ለምርመራ ባልከፍል እንኳ ያልተሠራን ሥራ ተሠራ ብሎ ማስከፈል ሌላ ነገር ነውና ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ይከብደኛል።

የሆነውን ልንገራችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወደሚገኝ ሌላ መካኒክ ሄጄ አስቀድሜ 800 ብር የምርመራ ከፈልሁትና ጋሼ የነገሩኝን ሁሉ አብረን አየን። የካቴናው ሽፋን ዙሪያ የጠነከረ የዘይት ቆሻሻ ለብሷል፤ በጥፍሬ ስፍቀው ነው ከሥሩ አሮጌው ግራጫ ማሸጊያ የታየው። የቡሎኖቹ ራስ ላይ መፍቻ ያረፈበት ምልክት የለም። ቴስታታው አልተከፈተም። የዘይት ዘንጉ ንጹሕ ነው፤ ሰማያዊው ፈሳሽም ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። የራዲያተሩ ክዳን ጎማ በሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። የቴርሞስታቱን ቤት ስንከፍት ባዶ ነው። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ መኪናዋን ስገዛ ጀምሮ ያልነበረ ይመስለኛል።

ሁሉንም በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። አሁን ምን ላድርግ? ወደ ክስ መሄድ አልፈልግም፤ ዝም ማለት ግን አልቻልሁም።

አንቀጽ አንባቢ

የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ መኪና ግን አላውቅምና በሙያዬ ብቻ እናገራለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ለማስገኘት፣ ሌላው ደግሞ ለዚያ ዋጋ ለመክፈል የሚስማሙበትን ውል ይደነግጋል፤ ጋራዥና ደንበኛ ያላቸው ግንኙነት እንዲህ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ።

ችግሩ ማስረጃ ነው። ብጣሽ ወረቀቱን አይጣሉት፤ ምርመራውን ያደረገው መካኒክም ያየውን በጽሑፍ ይስጥዎ። ወደፊት መኪና ሲያስረክቡ በአንድ ወረቀት ላይ የተገኘው ብልሽት፣ የሚቀየረው ዕቃ ከነዋጋውና የእጅ ዋጋው ይጻፍ፤ ተጨማሪ ብልሽት ቢገኝ ያለ እርስዎ ፈቃድ እንዳይፈታ፣ የወጣው አሮጌ ዕቃም እንዲመለስልዎ ይጨመርበት፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። መፈረም የማይፈልግ ጋራዥ ካለ ቁልፉን ይዘው ይመለሱ።

ሐረጎ ተመላላሽ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ከሰፈራችን ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ፣ ፎቶውንና የመካኒኩን ጽሑፍ ጨምሬ ወደ ጋራዡ ሄድሁ። ባለቤቱ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ሽማግሌዎቹ «እንግዲያው ሽፋኑን አብረን እንየው» ሲሉት ዝም አለ። 22,000 ብር መለሰልኝ፤ የቀረውን በሁለት ወር ውስጥ ሊከፍል በሽማግሌዎቹ ፊት ፈረመ።

ክዳኑንና ቴርሞስታቱን ራሴ ቀየርሁ። ደሴ ላይ ሜዳ ቦታ ማግኘት ከሥራው በላይ ከባድ ነበር፤ መጨረሻ ላይ አንድ ወዳጄ ግቢ ውስጥ አቆምኋት። መኪናዋ ስትቀዘቅዝ ውሃውን በንጹሕ ዕቃ አወጣሁ፣ የቴርሞስታቱን ትንሽ የአየር መውጫ ወደ ላይ አድርጌ ከአዲስ ጎማው ጋር ገጠምሁ፣ ውርጭ መከላከያ (አንቲፍሪዝ) የተቀላቀለበት ፈሳሽ ሞላሁ። አየሩ እንዲወጣ ክዳኑን ሳልዘጋ፣ የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ ከፍቼ፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ ተነሥቶ እስኪጠፋ ድረስ ሞተሩን አስነሥቼ ጠበቅሁ፤ የጎደለውን ሞልቼ ከዚያ ዘጋሁ። ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ይኸው 18 ቀን ሐረጎን ስወጣ የሙቀት መለኪያው ከግማሽ በታች ቆሞ አይነቃነቅም፤ የዘይት ክዳኑ ላይ የነበረው አረፋም ጠፍቷል።

ጋሼ፣ ቀጥሎ የማሽን ዘይቱን ራሴ ልቀይር አስቤአለሁ፤ ይፈቅዱልኛል?

የድሮ ጋራዥ ሰው

ደስ አሰኝተኸኛል፤ በርታ። ያንተ ሞተር ከነፊልትሮው የሚፈልገው 3.7 ሊትር ነው፤ አምስት ሊትር አስከፍሎህ የሚያውቅ ካለ አሁን ገባህ። ባለ አራት ሊትሩን ግዛ፤ ሁሉንም አታፍስስ፤ ዘንጉ ላይ ካሉት ሁለት ምልክቶች መካከል ይሁን። የካርተሩን ቡሎን ስትመልስ የሥሩን ቀለበት ቀይር፤ በኃይልህ ሁሉ አታጥብቀው፤ ስንት ካርተር በዚህ ተበላሽቶ መጥቶልኛል።

አንድ ነገር ግን ቃል ግባልኝ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር እንዳትገባ። ከተማችን ተዳፋት ናት፤ ጎማዎቹን በድንጋይ አግድ፣ በማርሽ አቁማት፣ ከሥሯ የብረት መቆሚያ አድርግ፤ የወለቀውን ጎማም ከጎን አስገባው። ጭንቅላቱ ከመኪና ሥር ሳለ ክሪክ የከዳውን ልጅ ቀብሬአለሁ። የወጣውን ዘይት ደግሞ በጀሪካን ያዘውና ለሚሰበስቡ ሰዎች ስጥ፤ ቦርከና ወንዝ አትድፋው፣ ውሃውን ከታች ያሉ ሰዎች ይጠቀሙበታል።

የቧንቧ ውሃ ልጅ

ጋሼ፣ እኔም የራሴን የራዲያተር ክዳን ዛሬ ላየው ፈለግሁ። አሁን ከሥራ እንደተመለስሁ ከፍቼ ጎማውን ብመለከተው ችግር አለው?

የድሮ ጋራዥ ሰው

እህቴ፣ አሁን አይሆንም፤ መኪናዋ ትደር። የሞቀ ራዲያተር ሲከፈት ግፊቱ ይለቀቅና ውሃው በዚያው ቅጽበት ፈልቶ ፊት ላይ ይመጣል። ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሺ የላይኛውን ቱቦ በእጅሽ ጨብጪው፤ ለስላሳ ከሆነ ክዳኑ ላይ ወፍራም ጨርቅ አድርገሽ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙሪና ጥቂት ጠብቂ፤ ምንም ካልተነፈሰ ተጫኝና ክፈቺው። ቱቦው ጠንካራ ከሆነ ግን ተዪውና ያየሽውን እዚህ ጻፊልኝ።